«ለሁለት» አትበላም

አንዲት ሴት መፀነሷ የተሰማ ቀን፣ ከ«እንኳን ደስ አለሽ» ቀጥሎ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፦ «እንግዲህ ለሁለት ነው የምትበዪው!» እናት ትለዋለች፣ አማት ትለዋለች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይለዋል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ሲለውም ሰምቻለሁ። በፍቅር የሚነገር ስለሆነ ደፍሮ የሚቃወመው የለም። እኔ ግን ምክሩ ስህተት ነው እላለሁ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲነገር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ብዛትን ማጋነኑ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ስለ ምግቡ ዓይነትና ስለ ጊዜው መጠየቅ ሲገባን ሳህኑ ሞላ አልሞላ ብቻ እንድናይ ማድረጉ ነው።

ከስሌቱ ልጀምር። በ12ኛው ሳምንት ላይ ያለ ፅንስ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 14 ግራም ገደማ ነው። ይህን ለማሳደግ እናቲቱ በፊት ከምትበላው የምትጨምረው ጉልበት ሰጪ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ተጨማሪው ፍላጎት የሚመጣው ከአራተኛው ወር ወዲህ ነው፤ ያኔም በቀን 340 ካሎሪ ያህል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ 450 ገደማ ቢሆን ነው። ግማሽ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ላዩ ላይ አንድ ቅቅል እንቁላል ቢጨመር የመጀመሪያው ቁጥር ይሞላል። ሁለተኛ ሰው የሚያጠግብ ማዕድ አይደለም።

ክብደቱም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ ለሁሉም ሴት አንድ ቁጥር አልሰጠም። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሁለት ሴቶችን እናስብ። አንዷ ስትፀንስ 45 ኪሎ ናት፤ ከሲታ ናትና እስክትወልድ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ እንድትጨምር ይመከራል። ሌላዋ ስትፀንስ 65 ኪሎ ናት፤ ለእሷ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ ይበቃታል። ሁለቱም ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ በላይ መጨመር አይጠበቅባቸውም። «ለሁለት ብዪ» የሚለው ምክር እነዚህን ሁለት ሴቶች አይለያቸውም። ለአንዷ የሚያንሳት፣ ለሌላዋ የሚበዛባት አንድ ዓይነት ቃል ነው።

«ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ግድ የለውም?» የሚል ይኖራል። ግድ አለው፤ ከየትኛውም ወር ይበልጥ ግድ አለው። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። በሴቲቱ አቆጣጠር የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ማለት ነው፤ ብዙዎቹ መፀነሳቸውን እንኳ አላረጋገጡም። በዚያ ጊዜ በሰውነቷ ውስጥ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን በበቂ ከሌለ ቱቦው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ልጁም ጀርባው ክፍት ሆኖ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለዳል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርምር ከ10 ሺህ ወሊድ 131 ያህሉ ላይ ይህ ጉድለት ተገኝቷል። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲታወቅ ኖሯል። በ1991 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያሳተመው ጥናት፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ (በክኒን መልክ የተዘጋጀ ፎሌት) ሲወስዱ የጉድለቱ መደገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ ለማንኛዋም መውለድ ለምታስብ ሴት የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ አንዲት ትንሽ ክኒን። እኛ ዘንድ ግን የ2016ቱ እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመሩት እናቶች ከአምስት አንዷ ብቻ ናቸው። ብረት ያለበትን ክኒን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከመቶ አምስት ናቸው። «ለሁለት ብዪ» የሚባለው መፀነሷ ከተሰማ በኋላ ነው፤ ያኔ ቱቦው ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፣ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

ከተቃራኒ ወገን የሚመጣውን ጠንካራ ክርክር አልሸሸውም። «ድርቅና ረሀብ በሚመላለስበት አገር ነፍሰ ጡርን ‘ብዙ አትብዪ’ ማለት ጭካኔ አይደለም ወይ?» ይባላል። በዚያው ዳሰሳ ከመቶ ሃያ ሁለት ኢትዮጵያውያት ከመጠን በላይ ከስተው ተገኝተዋል። እነዚህ ሴቶች ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን እንጠይቅ፦ ያ ቃል ለእነሱ ምግብ አመጣላቸው? በብዙ ቤት የገበታውን ቅደም ተከተል እናውቀዋለን። መጀመሪያ አባወራውና እንግዳው፣ ቀጥሎ ልጆች፣ በመጨረሻ ድስቱን ጠርጋ የምትበላው እሷ ናት። ሥጋው ለባል ይወጣል፤ ለእሷ መረቁ ይተርፋታል። «ለሁለት ብዪ» ያለው ሰው የእንቁላሉን ተራ ካላስያዛት፣ የውኃውን ጀሪካን ካላወረደላት፣ ቃሉ ከአፍ ያለፈ እርዳታ አይደለም። ሸክሙን በሙሉ በእሷ ሆድ ላይ ጥሎ የቤቱን ሥርዓት ሳይነካ ያልፋል። እኔ የምቃወመው ይህንንም ጭምር ነው።

በከተማ ደግሞ ሥዕሉ ሌላ ነው። በዚሁ ዳሰሳ ከመቶ ሃያ አንድ የከተማ ሴቶች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የጎንደር ከተማ ጥናት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች በ13 ያህሉ ላይ በእርግዝና የሚመጣ የስኳር ሕመም አግኝቷል። ለእነዚህ እናቶች የድርብ ሳህን ምክር መዘዝ ያመጣባቸዋል፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ ከወሊድ በኋላም የማይወርድ ክብደት።

የገጠሩን ወግ ሳላነሣ ባልፍ ክርክሬ ጎደሎ ይሆናል፤ እዚያ ምክሩ ተገልብጦ ነው የሚነገረው። በብዙ አካባቢ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ትመከራለች፤ ልጁ ከገዘፈ ምጥ ይጠናባታል ተብሎ። ወተት፣ እንቁላልና ተልባ የምትከለከልበትም ቦታ አለ፤ ልጁ ሲወለድ ራሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ከእነዚህ ምግቦች የተለጠፈ ይመስላል። ያ ነጭ ነገር ግን የሕፃኑ ቆዳ ራሱ የሚሠራው ቅባት ነው፤ እናቱ ወተት ባትቀምስም ይኖራል። ልጅ ይገዝፋል የሚለውን ፍርሃት ግን አልንቀውም። ሐኪም ቤት በቃሬዛ የቀናት መንገድ በሆነበት ምድር፣ ምጥ የተጠናባት ሴት ምን እንደሚደርስባት ያየች አያት የተናገረችው ነው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእንደነዚያ ሴቶች ነበር። ያም ሆኖ ምጥን የሚያስረው ያልደረሰ የልጃገረድ ዳሌ፣ የልጁ አመጣጥና የሐኪም ቤት ርቀት ነው፤ በሁለተኛው ወር የተበላ እንቁላል አይደለም። እንዲያውም ልጅነቷን በምግብ እጦት ያሳለፈች ሴት ናት ዳሌዋ የሚጠብባት።

ሁለቱ ምክሮች የተቃረኑ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የሚጨነቁት ስለ ልጁ ግዝፈት ነው። የሆላንድ ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀርመኖች ምግብ ሲከለክሉ በምዕራብ ሆላንድ ከተሞች የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ረሀብ ወቅት የተፀነሱና በኋላ እናቶቻቸው በደንብ የበሉላቸው ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ደህና ነበር፤ ሚዛን ላይ ምንም አልጎደላቸውም። ሲያረጁ ግን ከእኩዮቻቸው ይልቅ የልብ ሕመም በዛባቸው። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያኖሩት አሻራ በተወላጁ ኪሎ አይለካም ማለት ነው። ልጁ ደንዳና ወጣ ብለን እልል ስንል ያልተለካው ነገር ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ገበታው ልቅረብ። አንድ እሑድ በዘመድ ቤት ያየሁት ነው። ሙሽሪት ከሆነች ዓመት ያልሞላት ልጅ በሰባተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ከጓዳ የቁሌቱ ሽታ ሲመጣ ፊቷ ይለዋወጣል፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። አማቷ ደግ ሴት ናቸው፤ የዶሮውን ፈረሰኛ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሷታል። «በቃኝ እማዬ» ትላለች። «አይ ልጄ፣ አንቺን አይደለም፤ እሱን ነው የማጎርሰው» ይሏታል። ሁለተኛውን ትቀበላለች፣ ሦስተኛው ላይ ብድግ ብላ ትወጣለች። የበላችው ሁሉ ወጣ። ሴትየዋ የተጨነቁት ከልባቸው ነው፤ ምክራቸው ግን ልጅቷን ከገበታ አሸሻት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፊት መብላት ፈራች።

የማቅለሽለሹ ነገር ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ይጀምራል፣ ዘጠነኛው ገደማ ይብሳል፣ ከ12 እስከ 14 ባለው ጊዜ ለብዙዎቹ ይለቃቸዋል። በዚህ መሀል አንድ ሁለት ኪሎ ቢቀንሱ ልጁ አይራብም። የሚሻላት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ነው፦ ከአልጋ ሳትወርድ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ፣ ረፋድ ላይ ሙዝ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሹሮ፣ በሶ በውኃ። ቅባትና ቁሌት ካልተስማማት ይቅር። ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ሽንቷ ከጠቆረና ካነሰ፣ ብድግ ስትል ካዞራት ግን የጉርሻ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።

ስለ ምግቡ ዓይነት የምለው ብዙ አለኝ፤ እኛ ቤት ያለው ሀብት የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ምስር በፎሌት ከሚታወቁት ምግቦች ፊት ለፊት የሚቀመጥ ነው፤ ሽምብራውም ባቄላውም ይከተሉታል። ጎመንም እንዲሁ። ግን ጎመኑን ምን እናደርገዋለን? ከትፈን እንቀቅለዋለን፣ ውኃውን እንደፋዋለን፣ የቀረውን በሁለት እጃችን ጨምቀን አረንጓዴ ጭማቂውን ወደ ማጠቢያው እናፈሰዋለን። ፎሌት ውኃ የሚያሟሟው፣ ብዙ እሳት የሚያጠፋው ነገር ነው፤ ያፈሰስነው እሱን ነው። በጥቂት ውኃ፣ ክዳን ገጥሞ፣ አረንጓዴነቱ ሳይሄድ ማውረድ ወጪ የለውም። ጤፉም ብረት አለው፤ የእርሾው መፍላት ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ከዚያ ግን ገና እጅ ሳይታጠብ ቡናው ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የእህልና የቅጠል ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቢርቅ፣ ለነፍሰ ጡሯም በቀን ከአንድ ሁለት ሲኒ ባያልፍ፣ በምትኩ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ብርቱካን ቢቀርብላት ብረቱ ይዋጥላታል።

የተከለከለው ደግሞ በዓል ሲመጣ ይረሳል። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተውሳክ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ እናቲቱ ሳታውቀው ወደ ፅንሱ ያልፋል። ያልፈላ ወተትም የራሱ በሽታ አለው። ዱለት ላይ ሁለት ነገር ይደረባል፦ ጥሬነቱና የጉበቱ ቫይታሚን ኤ፤ ጉበት በብዛት መብላት በመጀመሪያዎቹ ወራት አይመከርም። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ልማዳችን ቢሆንም ማሕፀን የሚያነሣሣ ቅጠል ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይሻላል። «ጠላ እኮ እህል ነው» የሚሉ አሉ፤ ጠላ አልኮል አለው፣ ለፅንስ ይህን ያህል አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። የሚያስገርመኝ፣ «አማረኝ» ያለችውን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ብለን ጥሬ ሥጋውን ሮጠን የምናመጣ ሰዎች፣ አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ አማረኝ ስትል ዝም ማለታችን ነው። አፈር መመኘት ብዙ ጊዜ ከብረት ማነስ ጋር አብሮ ይታያል፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።

ጾምን በተመለከተ ሁለቱንም ጥግ አልቀበልም። የጾም በያይነቱ፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ለፅንስ መጀመሪያ ከማንም ሥጋ ቤት የማይተናነስ ሳህን ነው። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆድን ባዶ ማቆየቱና ለረጅም ጊዜ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከሥጋ መራቁ ነው፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእነዚያ ነውና የሚገኘው። ነፍሰ ጡር ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ ማቃለል እንደምትችል ካህናቱ ያውቃሉ፤ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች ሴት ጾሙን ለሌላ ጊዜ እንድታስተላልፍ ተፈቅዶላታል። ብዙዎቹ ግን አይጠይቁም፣ ስለሚያፍሩ። ገና በሁለተኛው ወር ሆዷ ሳይታይ «አትጹሚ» የሚላት ሰው ደግሞ የለም። አማኙ ቤተሰብ ፈቃዱን እሷ እስክትጠይቅ ከሚጠብቅ ራሱ ቢያመጣላት ምን ይጎድልበታል?

በቅርቡ ከተማ ውስጥ የተነሣውን ሌላ አመልም አልደግፍም። ሰውነቷ እንዳይበላሽ እንጀራ የምትተው፣ እራት የምትዘል፣ ለማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጥ ሻይ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር አለች። እርግዝና ክብደት የሚቀነስበት ጊዜ አይደለም፣ ከባድ ለሆነችውም ሴት ቢሆን። ለእሷ የሚሠራው ለስላሳ መጠጡንና ብስኩቱን መተው፣ ነጩን ዳቦ በጤፍና በገብስ መቀየር፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው።

የሕክምና ቤቶቻችንም ድርሻ አላቸው። ክትትል የሚደረግበትን ክፍል ያየ ያውቀዋል፦ ጫማሽን አውልቂ ይባላል፣ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ «ውረጂ፣ ቀጣይ»። ስንት ሆንሽ፣ ከቁመትሽ ጋር ምን ማለት ነው፣ እስክትወልጂ ስንት ብትጨምሪ ይበቃል የሚላት የለም። ቁጥሩ የእሷ ሆኖ ሳለ የካርዱ ሚስጥር ሆኖ ይቀራል። ወረፋው ረጅም ነው፣ አዋላጇም አንድ ናት፤ እረዳለሁ። ግን ያቺን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ባልየው አብሮ ከመጣም ለእሱ መናገር ይቻላል።

መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድና ብረት እንዲጨመርበት የሚያስገድድ መመዘኛ አውጥቷል። መልካም ነው። ሆኖም ከፋብሪካ የወጣ ዱቄት የሚደርሰው ዳቦና ማካሮኒ ገዝቶ ለሚበላ ነው። ጤፏን፣ በቆሎዋን፣ ማሽላዋን በሰፈር ወፍጮ አስፈጭታ የምታበስለውን ሴት አይነካትም፤ እሷ ደግሞ ብዙዋ ናት። ስለዚህ ለእሷ ክኒኑ ከመፀነሷ በፊት እጇ መግባት አለበት። ይህን ለማድረግ አዲስ ተቋም መመሥረት አያስፈልግም። ዛሬ ብዙ አጥቢያዎች ተጋቢዎችን የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ሳይፀነስ ጤና ተቋም የሚገቡበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። ያን ቀን ለሙሽሪት የሦስት ወር ፎሊክ አሲድ ይሰጣት። ሁለተኛ ልጅ አስባ የወሊድ መቆጣጠሪያዋን ልታስወጣ የመጣችም ያንኑ ይዛ ትውጣ። ከዚህ ቀደም ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ የወለደችው ደግሞ በቀን 4 ሚሊ ግራም፣ ከተራው አሥር እጥፍ፣ እንደሚያስፈልጋት ተነግሯት በሐኪም ትዘዝላት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር አዲስ ባለትዳር የሆነችውን ሴት የምትጠይቃት «ፀነስሽ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ክኒኑን ጀመርሽ ወይ?» ብላ ይሁን።